ለባለ ማይኩ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሬዲዮኔን ከፈትኩ፣
የሰው የልደት ወረቀት እያባዛሁ አዳመጥኩ።
“የኮሌጅ ልጆች” አልክ፣ ቃሉን እንደ ስድብ፣
“ለፈተና እንጂ መች ተፈጠሩ ለግብ!”
ቀጠልክ፦ “ሸምሱ ሸጠው” አልክ “የእሁዱን ጨዋታ፣
ፍጹም ቅጣት ምት እንዲያ አይመታም፣ ካልሆነ በስጦታ።”
ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ፣
እኔም ወረቀት ተቀረቀረብኝ፣ እጄ ቀለም ተቀባ።

ስማኝ ባለ ማይኩ፤
ሦስቴ ደወልኩልህ፣ መስመርህ ተይዟል፤
በተበላሸ ኮፒ ጀርባ መጻፍ ይሻላል።

ሱቄ ሰንጋ ተራ ነው፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣
ዘጠኝ ዓመት ቆምኩበት፣ ኮፒ ሳነሳ፣ ክላሰር ስሸጥበት።
ሸምሱን ያወቅኩት በአካውንቲንግ ሃንዳውት ነው፣
ሃምሳ ስምንት ገጽ በዱቤ፣ “ቅዳሜ እከፍላለሁ ጋሼ” ያለው።
ቅዳሜ ከሜዳ መጣ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣
ሳንቲሙን ከካልሲው ከፈለኝ አሟጦ።
ሁለት ብር ጎደለ።
“ሰኞ” አለኝ፤ ሰኞ መጣ፣ ሁለቱን ብር ይዞ፤
ይሄን ነው “ሸጠ” ያልከው? መቼ እጅ ከፍንጅ ተይዞ?

አምና ዋንጫ ሲያነሱ “የእኛ ልጆች” ነበሩ፣
ዘንድሮ ሲሸነፉ ተማሪ ሆነው ቀሩ።
ከተመረቁ እኮ ሦስት ዓመት አለፋቸው፣
አንተ ግን መሸነፍን ቆጥረህ ደብተር መለስክላቸው።

ገመቹን “ሰነፍ” ብለህ በሩጫው ዘበትክ፣
ከሥሩ ያለውን ገልጠህ መች ተመለከትክ?
ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም፣ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣
ሲሄድ አየሁት በእግሩ፣ የታክሲዋን ለዳቦ ብሎ።
ሰማኒያኛው ደቂቃ ላይ ባቱ ተሳስሮ ቢያዝ፣
ስንፍና ነው ትላለህ? ወይስ የአራት ወር ደመወዝ?

ክፍሎምማ… እሱን ስትነካ ሬዲዮውን ዘጋሁት።
(መልሼ ከፈትኩት።)
“እጁ ቅቤ ነው” አልክ፤ እውነት ነው፣ ያቺ ኳስ አመለጠችው፣
ከጓንቱ ሥር ሾልካ መረቡን ነካችው።
እኔም ሰደብኩት፣ አልዋሽም፣ ካታንጋ ላይ ቆሜ፣
እናቱንም አልተውኩ፤ ማታ አፈርኩ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ።
ግን የእኔ ስድብ ከግንቡ አያልፍም፣ ነፋስ ይበላዋል፤
ያንተው ግን እናቱ ቤት፣ ኮመዲኖው ላይ ሆኖ ይናገራል።

አትንቀፍ አልልህም፤
ኳስ ያለ ነቀፋ አይጥምም፣ እኔም እወዳለሁ፣
“አሰልጣኙ ዘገየ፣ መሃሉ ሳሳ” በል፤ አብሬህ እላለሁ።
“ሸጠ” ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስ፣
ነገ ሸምሱ ባንክ ቤት ሥራ ሲጠይቅ፣ ቀድሞት እዚያ ሊደርስ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ራሱ መጣ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፤
ወረቀቴን ገለበጥኩት። ዲፕሎማውን ሰጠኝ፣ ከፌስታል አውጥቶ።
“አምስት ኮፒ፣ ጋሼ።” አላየኝም። ወደ መንገዱ አየ።
አውቶቡስ አለፈ፣ ዝናብ አካፋ፣ ማሽኑም ዘገየ።
ዲፕሎማው ላይ ያለው ፎቶ ይስቃል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤
በረኛውን አታሎ ያገባ ቀን የተነሳው ይመስላል።
“ሬዲዮ ሰማህ እንዴ?” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።
“ተበላሽቷል” አልኩት፤
ገና ያልበረደ ጀርባውን በክርኔ ሸፈንኩት።